አዲስ አበባ ተቀምጦ መንዝ ላይ በግ ማርባት፦ ከሒሳቡ እስከ ክፍፍሉ

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በአንድ መንገድ ነው። አራት ኪሎ ወይም ካዛንቺስ ቢሮ የሚውል ሰው ገጠር ላሉት አጎቱ በቴሌብር ብር ይልካል። አጎት አሥር በግ ይገዛሉ። ስልክ ሲደወል «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል። ዓመት ሲሞላ አራት ቀርተዋል፤ ከዚያ በኋላ አጎትና የወንድም ልጅ ለፋሲካም አይጠያየቁም። አብዛኛውን ጊዜ የሰረቀ የለም። ብሩ ከመኖው ቀድሞ ሄዷል፣ ውል አልነበረም፣ በስልክ ምን እንደሚጠየቅም አልታወቀም።

መመሪያው መሐል አዲስ አበባ ሥራ ላለውና ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ማለትም መንዝ፣ ጣርማበር ወይም ደብረ ብርሃን ዙሪያ ዘመድ ላለው ሰው ነው። ዘመድዎ ቆላ ከሆኑ ወራቱም በሽታውም ይለያሉና በዚህ አይመሩ።

ደረጃ 1፦ ሒሳቡን በብር ሳይሆን በግልገል ይሥሩ

የበግ ዋጋ በየበዓሉ ስለሚለዋወጥ በብር የተሠራ ሒሳብ ወር አይቆይም። እንዲህ ያስሉ።

የመንዝ በግ በአብዛኛው የምትወልደው አንድ ነው፤ መንታ ብርቅ ነው። በደንብ የተያዘች በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። እርስዎ ግን በዓመት አንድ ብለው ይያዙ። 10 እናት በግ ቢገዙ፦

1. 10 ግልገል ይወለዳል ይበሉ።
2. 2 ወይም 3 ጡት ሳይጥሉ እንደሚሞቱ አስቀድመው ይቀንሱ።
3. ከቀሩት ግማሹ በጎቹን ገጠር ይዞ የሚያረባልዎት ሰው፣ የአርቢው፣ ድርሻ ነው። ለእርስዎ 4 ገደማ ይደርስዎታል።
4. ከ4ቱ ሁለቱ ሴት ይሆናሉ፤ እነሱ መንጋው ውስጥ ይቀራሉ እንጂ አይሸጡም።

በመጀመሪያው ዓመት እጅዎ የሚገቡት እንግዲህ ሁለት ወንድ ጠቦቶች ናቸው። ይህ ካልተዋጠልዎ እዚሁ ያቁሙና ለበዓል ሾላ ወርደው በግዎን ይግዙ፤ ከዘመድም አይጣሉም።

ከተዋጠልዎ ከያዙት ብር ሲሶውን ለብቻ ያስቀምጡ። የመኖና የመድኃኒት ነው፤ በግ አይገዛበትም። «ሁለት በግ ብንጨምርበትስ?» ማለትዎ አይቀርም፤ አይጨምሩ።

ደረጃ 2፦ አርቢውን ቤታቸው ሄደው ይምረጡ

በዝምድና ቅርበት አይምረጡ። ከሩቅ አጎት ይልቅ የሚሻል ጎረቤት ካለ እሱን ይያዙ። በስልክ የሚመረጥ አርቢ የለምና ይሂዱ። የደብረ ብርሃን መኪና ከላምበረት መናኸሪያ ይነሳል፤ እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር፣ እስከ መሐል ሜዳ ደግሞ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሳትዎ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ይጠይቁ። ሄደው እዚያው ይደሩ፤ ጋጣ የሚታየው በማለዳ፣ በጎቹ ሳይወጡ ነው።

ማለዳ የሚያዩት፦

- ወለሉ ደረቅ ነው ወይስ ጭቃ? እግርዎ ከሰመጠ ግልገል አያድግበትም።
- በጠጡ ክብ ክብና ደረቅ ነው ወይስ የላላ? የላላ ከሆነ የቤቱ በጎች ትል አለባቸው፤ የእርስዎም ይይዛቸዋል።
- የሳር ክምር አለ? ስንት ነው?
- እረኛው ማን ነው? ይህን በግልጽ ይጠይቁ። መልሱ «ልጁ» ከሆነና ልጁ በእርስዎ በጎች ምክንያት ከትምህርት ቤት የሚቀር ከሆነ ወይ የእረኛ ክፍያ ይመድቡ፣ ወይ ከጎረቤት ጋር በተራ እንዲጠብቁ ያስማሙ። የሰው ልጅ ከትምህርት አስቀርቶ የሚገኝ ጠቦት ባይገኝ ይሻላል።

ከባለቤቲቱ (ከአርቢው ሚስት) ጋርም ለብቻ ይነጋገሩ። ግልገል ወደ ቤት የሚያስገባው፣ የታመመውን ለይቶ የሚያውቀው፣ እንገር ያልጠባውን የሚያስጠባው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። ፊቷ ላይ «ሌላ ሥራ መጣብኝ» የሚል ካነበቡ እዚያ ቤት በግ አይስጡ።

ደረጃ 3፦ ውሉን ይጻፉ

በርቢ መስጠት የቆየ ልማድ ነው፦ እናቲቱ የሰጪው ትሆናለች፣ የተወለደው እኩል ይካፈላል። ጠቡ የሚነሳው ልማዱ ዝም ባለበት ቦታ ነው። ወረቀት ሲያወጡ «ዘመድ አይደለንም እንዴ?» ይባላሉ። ያን ጊዜ ይሉኝታ እንዳይዝዎ። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ለእኔና ለእርስዎ አይደለም፤ ነገ ለልጆቻችን ነው» ይበሉ። ይቀበላሉ።

በሦስት ቅጂ ይጻፉ፤ አንዱ ከእርስዎ፣ አንዱ ከአርቢው፣ አንዱ ከሽማግሌ ዘንድ ይቀመጥ። ባለቤቲቱም ትፈርም። የሚከተሉት አንድም ሳይቀር ይስፈሩ፦

1. ቁጥርና መልክ። እያንዳንዷ በግ በቀለም፣ በጥርስ፣ በጆሮ ምልክት ቁጥር። ቁጥር ያለው የፕላስቲክ የጆሮ ምልክት ካገኙ ይግጠሙ፤ ካላገኙ በስልክ ፊቷን፣ ግራና ቀኝ ጎኗን ያንሱ።
2. ወጪ። መድኃኒትና የሚገዛ መኖ ከሰጪ፣ ጉልበትና ግጦሽ ከአርቢ። ሌላ ብትስማሙም ጻፉት።
3. ሞት። በግ ስትሞት በዚያው ቀን ይደወላል፤ ቆዳውና ምልክቱ ያለበት ጆሮ ይቀመጣል። ይህ ከተሟላ አርቢው ዕዳ የለበትም። ካልተሟላ ከድርሻው ይተካል።
4. ጅብና ሌባ። ጋጣ ውስጥ ሆና ከተበላች ወይም ከተሰረቀች ኃላፊነቱ የማን ነው? ሜዳ ላይስ? ሁለቱን ለይተው ይጻፉ።
5. ሽያጭ። እናት በግ ያለ ሰጪው ፈቃድ አትሸጥም። ችግር ቢገጥም፣ ሰው ቢታመም ምን ይደረጋል? «አርቢው በድርሻው ካለው ጠቦት አስቀድሞ ይሸጣል» ብላችሁ ዝጉት፤ ያለዚያ ክረምት ላይ እናቲቱ ገበያ ትወጣለች።
6. ፀጉርና በጠጥ። ሁለቱንም ለአርቢው ይተዉ። ፀጉሩ ባና ይሆናል፣ በጠጡ ማገዶና ማዳበሪያ ይሆናል። እርስዎ ካዛንቺስ ሆነው ምን ያደርጉበታል?
7. ዘመኑና መውጫው። ሦስት ዓመት ይበሉ። ከዚያ በፊት መለያየት የፈለገ የሦስት ወር ማስታወቂያ ይስጥ።

ስለ ሴት ግልገሎችም አሁኑኑ ይስማሙ። የእርስዎ ድርሻ የሆነች ሴት ግልገል እዚያው ስታድግና ስትወልድ ያቺም ርቢ ናት ወይስ አይደለችም? ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚፈነዳው ጠብ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ይነሳል።

ደረጃ 4፦ መኖና ጋጣ ከበጎቹ ይቅደሙ

ሳር ሳይከመር በግ አይግዙ። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ።

መንዝ ላይ ሳር የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ችግሩ የሚመጣው ከጥር በኋላ ነው፤ የበልግ ዝናብ ከቀረ ደግሞ እስከ ሰኔ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ለአንዲት እናት በግ ከግጦሽ በተጨማሪ በቀን ግማሽ ኪሎ ሳር ይያዙ። ከጥር እስከ ሰኔ መጨረሻ 180 ቀን ነው፤ ለአንዷ 90 ኪሎ፣ ለአሥሩ 900 ኪሎ ይሆናል። የሚገዙት ሳር በእስር ከሆነና እስሩ 15 ኪሎ ከመዘነ 60 እስር ማለት ነው። በክምር ከገዙ ሳር የሚያውቅ ሰው ይገምትልዎ፤ ክምር ከውጭ ሲያዩት ሁልጊዜ ብዙ ይመስላል።

የገብስ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ነፍሰ ጡር በግ አያቆምም። ገለባ ብቻ ካለ ፉርሽካና ጥቂት ፋጉሎ (ዘይቱ የተጨመቀ እህል ቅሪት) ይጨምሩበት። ጨው አይቅር፤ አሞሌ ካለ ይሰቀልና ይላሱ።

ጋጣው ለአንዲት በግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ያህል ይበቃል። ካቡ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ክፍተት አይኑረው፤ በላይ በኩል ግን ጭስና እንፋሎት የሚወጣበት ይኑር። ወለሉ ወደ በሩ ያዘንብል። በሩ ጅብ አፉን አስገብቶ የማይፈለቅቀው ይሁን።

*ሳሩ ካልተገኘ፦* ግዢውን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፉ፣ ወይም ቁጥሩን ግማሽ ያድርጉ። «በኋላ እንልካለን» አይበሉ። ሚያዝያ ላይ ሳር ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም።

ደረጃ 5፦ እናት በጎችን መግዛት

*መቼ?* ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር። የበዓሉ ግርግር አልፏል፣ ሜዳው ሳር አለው፣ ክምሩም ቆሟል።

*ከየት?* ከተቻለ ከሰፈር፣ ከባለቤቱ ቤት። ገበያ የወጣች ሴት በግ ለምን እንደወጣች ያስቡ፤ ገበሬ ደህና እናት በግ በቀላሉ አይሸጥም። የሚሸጠው የማትወልደውን፣ ጡቷ የሞተውን፣ ያረጀችውን ነው። ግልገሏ እግሯ ሥር ያለች ብትገኝ ግሩም ነው፦ መውለዷንም ማጥባቷንም በዓይንዎ አይተዋል።

*እንዴት?* አርቢው አብሮ ይመርምር። እርስዎ ብቻዎን ከመረጡ ሲሞቱ «አንተ ነህ የመረጥካቸው» ይባላሉ። በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. ከሩቅ ያዩአት። ከመንጋው ወደኋላ የምትቀር፣ ጭንቅላቷን የምትጥል ከሆነች ይለፏት።
2. ትንሽ ያስሩጧት። ቆማ ደጋግማ ካሳለች ይተዉአት።
3. ጥርሷን ይዩ። ሁሉም ትንንሽ የወተት ጥርስ ከሆነ ዓመት ከመንፈቅ ያልሞላት ናት። አንድ ወይም ሁለት ጥንድ ትልልቅ ጥርስ ካበቀለች ትክክለኛዋ እሷ ናት። ጥርሷ የተሸራረፈ ወይም የወለቀ ከሆነ ሣር መንጨት አትችልም።
4. የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ይሳቡ። ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ መሆን አለበት። ነጭ ከሆነ ደሟን ትል ጠጥቶታል።
5. መንጋጋዋ ሥር ይዳስሱ። ውኃ እንደቋጠረ ያለ እብጠት ካለ የጉበት ትልን ይጠርጥሩ፤ ዋጋ ቢቀንሱልዎም አይግዙ።
6. ጡቷን በሁለት እጅ ይዳስሱ። ሁለቱም ለስላሳ ይሁኑ፤ ጠጣር እብጠት ያለው ጡት አያጠባም።
7. ጀርባዋን ይጫኑ። አጥንቱ እንደ መጋዝ ከቆረቆረዎ ከስታለች፤ ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ዓይን ይታለላል።
8. ጭራዋ ሥር ይዩ፤ የደረቀ ተቅማጥ ካለ ይለፏት።

አውራ በግ ለ10 ሴት አንድ ይበቃል፤ አንዱ እስከ 25 ድረስ ይችላል። ሁለቱም ፍሬዎቹ እኩል መሆናቸውን በእጅ ያረጋግጡ። ከተገዙት ሴቶች ጋር ከአንድ ቤት አይግዙት፤ ወንድማቸው ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

አዲሶቹን ከቤቱ በጎች ጋር አይቀላቅሉ። ለብቻ ይደሩ፣ ለብቻ ይሰማሩ። በሽታ ተሸክማ የመጣች ካለች የሚታየው በእነዚህ ሳምንታት ነው። አርቢው «የእረኛ ችግር አለብኝ» ካለ ለሦስት ሳምንት ጋጣ አካባቢ አስረው ሳር ይስጧቸው፤ ወጪው የእርስዎ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ክትባትና የትል መድኃኒት

ከወረዳው ወይም ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ራስዎ ይተዋወቁ፤ ስልኩን ይያዙ። የሚጠይቁት ክትባት ለሦስት ነው፦ ለደስታ መሰል በሽታ፣ ለበግ ፈንጣጣ፣ ለሳንባ ምች የሚዳርገው ፓስቲሮሎሲስ። በየትኛው ወር እንደሚሰጥ ይጠይቁና በስልክዎ ማስታወሻ ይያዙ።

ማስጠንቀቂያ፦ ክትባት አዲስ አበባ ገዝተው በአውቶቡስ አይላኩ። ክትባቶቹ የሚመረቱት ቢሾፍቱ ሲሆን ከዚያ እስከ በጓ ድረስ በበረዶ ሣጥን መጓዝ አለባቸው። ሙቀት የነካው ክትባት ውኃ ነው፤ ክፋቱ ደግሞ «ተከትበዋል» ብለው እንዲዘናጉ ያደርጋል።

የትል መድኃኒት ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጥ፦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ፣ ከዚያም ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ግንቦት ላይ። ረግረግና ምንጭ ዳር የሚግጡ ከሆነ የጉበት ትል አይቀሬ ስለሆነ ባለሙያው ለእሱ የሚሆነውን ይምረጥ፤ የጉበት ትልን የሚገድለው ሁሉም የትል መድኃኒት አይደለም። ሁለት ስህተት ይዘወተራል። የመጀመሪያው አንድ ፍሬ ለሁለት በግ መክፈል ነው፤ በጎቹ አይድኑም፣ ትሉም መድኃኒቱን ይለምዳል። ሌላው አልቤንዳዞልን ገና ላረገዘች በግ መስጠት ነው፤ በመጀመሪያው ወር እርግዝና ላይ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ውሻውንም አይርሱ። አንገቷን አዙራ የምትሽከረከር በግ ካዩ «አዙሪት» የሚሉት ነው፤ የሚመጣው ከውሻ አንጀት ትል ነው። የታረደ በግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ አይሰጥም፤ ጉበትና ሳንባ ላይ የውኃ ከረጢት ከተገኘም ይቀበራል። ውሻውም የትል መድኃኒት ይውሰድ።

ደረጃ 8፦ ስሪያና ወሊድ

አብዛኛው ግልገል የሚሞተው በክፉ ወር ስለተወለደ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተወለደ ብርዱና ጭቃው ሳንባውን ይመታዋል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የተወለደ እናቱ ወተት የላትም።

እርግዝናው 150 ቀን ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አምስት ወር ይቁጠሩ፣ ጳጉሜን ካቋረጡ አምስት ቀን ይቀንሱ። ግንቦት 1 የተሰረረች መስከረም 26 አካባቢ ትወልዳለች። ሳሩ ለምለም፣ ዝናቡ ያቆመበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አውራውን ከግንቦት መግቢያ እስከ ሰኔ መጨረሻ ይልቀቁት። በቀረው ጊዜ ሆዱ ሥር ወፍራም ጨርቅ እንደ ሽርጥ ይታሰርለት፣ ወይም ለብቻ ይሰማራ። የጎረቤት አውራ በግጦሽ ላይ ካለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር መነጋገር የአርቢው ሥራ ይሁን፣ ውል ላይም ይግባ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት ለነፍሰ ጡሯ በቀን አንድ ሁለት እፍኝ ፉርሽካ ይጨመርላት። ከዚህ ላይ የቆጠቡ ወተቱ ላይ ያጡታል።

በወሊድ ቀን፦

1. የእንሽርት ውኃው ፈስሶ አንድ ሰዓት ያህል አምጣ ምንም ካልታየ ባለሙያ ይጠራ። እግር መጎተት የለም።
2. እንደተወለደ አፍና አፍንጫው ይጠረግ፤ እናቱ ትላሰው። ካልላሰችው በደረቅ ጨርቅ ይታሽ።
3. እትብቱ አዮዲን ይቀባ።
4. በመጀመሪያው ሰዓት፣ ቢዘገይ በስድስት ሰዓት ውስጥ እንገሩን ይጥባ። ከዚያ በኋላ አንጀቱ የእንገሩን ጥቅም ሙሉ በሙሉ አይቀበልም።
5. የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ቤት ውስጥ ይደር። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ አይምርም።

*እናቲቱ ከገፋችው፦* ሁለቱን ጠባብ ቦታ ላይ ለሁለት ሦስት ቀን ይዝጉባቸው፣ እሷን አስረው በየጊዜው ያስጠቡት፣ ግልገሉ ላይ ትንሽ ጨው ነስንሰው እንድትልሰው ያድርጉ። *እናቲቱ ከሞተች፦* ከሌላ በቅርብ ከወለደች በግ እንገር ይታለብለት፤ ከዚያ ለብ ያለ የላም ወተት በጡጦ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ።

ወንዶቹ ሲያድጉ ሁሉም የሚፈተንበት ነገር አለ፦ በፍጥነት የገዘፈው ጠቦት ለመጀመሪያው በዓል ይሸጣል፣ ቀጫጫው ቀርቶ አውራ ይሆናል። በጥቂት ዓመት የመንጋው በጎች በአካል እያነሱ ይሄዳሉ። ከጠቦቶቹ ምርጡን ምልክት ያድርጉበትና «ይህ አይሸጥም» ይበሉ። አውራውም በሁለት ዓመት አንዴ ከሩቅ ጎረቤት ጋር ይቀያየር፤ ያለዚያ ልጆቹን ይሰርራል።

ደረጃ 9፦ ስልኩ

«በጎቹ ደህና ናቸው?» ብለው አይጠይቁ። መልሱ ሁልጊዜ «ደህና ናቸው» ነው። ውሸት አይደለም፤ ሩቅ ያለ ሰው በክፉ ወሬ አይጨነቅ ብለው ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ በጎቹ ከገቡ በኋላ ምሽት ላይ ይደውሉ። የሰው ጤና ይቅደም፣ ስለ እህሉም ይጠይቁ። ቀጥሎ፦

1. ዛሬ ማታ ስንት ገቡ? (ቁጥር ብቻ ይቀበሉ።)
2. ከመካከላቸው ወደኋላ የቀረች አለች? የትኛዋ?
3. የሚያስል አለ? የሚያስቀምጠው አለ?
4. ክምሩ ስንት ቀረ?
5. አውራ የፈለገች፣ የወለደች፣ የጨነገፈች አለች? ሁለት ሦስቱ በአንድ ሰሞን ከጨነገፉ ባለሙያ ይጠራ፤ የወጣውን ማንም በባዶ እጁ አይንካው።

ከባለቤቲቱም ጋር ያውሩ። «እትዬ፣ ያቺ ቡላዋ እንዴት ሆነች?» ብለው በመልክ ሲጠይቁ መልሱ በራሱ ይረዝማል። መልሶቹን በቀን ይመዝግቡ፤ ቀጥሎ ሲሄዱ ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል።

ክፉ ወሬ ሲነግሩዎ አይቆጡ። አንዴ ከተቆጡ ሁለተኛ አይነግሩዎትም፤ ቀጣዩን የሚሰሙት ከሌላ ዘመድ ነው።

ደረጃ 10፦ በአንድ ሳምንት ሁለት ሦስት በግ ሲታመም

1. የታመሙት ያን ቀኑኑ ይለዩ፤ ውኃና መኖ በተለየ ዕቃ።
2. ባለሙያው ይደወልለት። ዓይንና አፍንጫ ፈሳሽ፣ አፍ ውስጥ ቁስል፣ ተቅማጥ አንድ ላይ ከታዩ ደስታ መሰል በሽታን ይጠርጥሩ፤ ይህ መንጋ የሚጨርስ ስለሆነ ለወረዳው ማሳወቅ ግድ ነው።
3. «ሳይሞቱ እንሽጣቸው» አይባል። የታመመ በግ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለሌላው መንደር መሸጥ ነው።
4. የሞተው አይበላም፤ በጥልቅ ይቀበራል። ለውል ሲባል ቆዳ የሚቀመጠው በአደጋ ወይም በጅብ ለሞተችው ነው፤ በሚዛመት በሽታ ለሞተችው የባለሙያው ቃልና ፎቶ ይበቃል። ይህን ልዩነት ውሉ ላይ ያክሉት።

*ሆዷ ከተነፋ* (አብዛኛውን ጊዜ እህል ወይም ርጥብ ለምለም ሳር በብዛት በልታ ነው)፦ መኖ ያቁሙ፣ ያንቀሳቅሷት፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት ቀስ ብለው ያጠጧት። አንገቷን ወደ ላይ አያንጋጡ፤ ዘይቱ ሳንባ ይገባል። ካልተሻላት ባለሙያ።

ደረጃ 11፦ ማደለብና ወደ አዲስ አበባ ማምጣት

90 ቀን ወደኋላ ይቁጠሩ። ለገና ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ስለሚውል መስከረም 29 ይጀመር። የትል መድኃኒቱ በዚሁ መጀመሪያ ላይ ይሰጥና ከዚያ በኋላ ያለ ባለሙያ ምንም መድኃኒት አይሰጥ፤ መድኃኒቱ ከሥጋው ሳይወጣ አይታረድም።

ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ ፋጉሎ፣ ትንሽ ጨው ይደባለቅ። በቀን 100 ግራም ተጀምሮ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ 300 ወይም 400 ግራም ይደርሳል፤ ሳሩ እንደልብ ይቅረብ። «ቶሎ ይድለብ» ተብሎ በአንድ ቀን ገብስ ወይም አተላ በብዛት ማቅረብ በጉን በአንድ ሌሊት ይገድላል።

ለጉዞው እግሩን ጠፍሮ ጣሪያ ላይ መጫን ይቅር። በአይሱዙ ቆሞ፣ ሳር ተነጥፎለት፣ ከሌላ ሰው በግ ጋር ሳይጨናነቅ ይምጣ። በጉዞው ቀን ውኃና ሳር እንጂ እህል አይበላም። የሚሸጡ ከሆነ ከደብረ ብርሃን መስመር ሲገቡ የካራን የበግ ገበያ መጀመሪያ ያገኙታል፤ ከበዓሉ ዋዜማ ሦስት አራት ቀን ቀድመው ይድረሱ፤ በዋዜማው ምሽት ያልተሸጠ በግ ደላላው የፈለገውን ይቆርጥበታል። ሑዳዴ ላይ ለሽያጭ አያምጡ፤ ለፋሲካ ብቻ።

ቤት የሚያስገቡት ከሆነ ግቢ ያለው ዘመድ አስቀድመው ይጠይቁ። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ በግ ማሳደር ከጎረቤት ያጣላል። ፌስታል ካገኘ ይበላልና ዙሪያውን ያጽዱ፤ አንድ ሁለት ቀን አርፎ ይታረድ።

ደረጃ 12፦ ክፍፍሉ

በዓመት አንድ ቀን ይወሰን። ጥር ከጥምቀት በኋላ ይመቻል፤ የመስከረምና የጥቅምት ግልገሎች ጡት ሊጥሉ ተቃርበዋል። ቀድሞ መሸጥ ወይም «በኋላ እንካፈላለን» ማለት አይኖርም።

አካፋዩ አርቢው፣ መራጩ እርስዎ ይሁኑ፦ እሳቸው ግልገሎቹን በሁለት ክፍል ያቆማሉ፣ እርስዎ አንዱን ያነሳሉ። በሚቀጥለው ዓመት ይገላበጣል። ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ የተረፈው ይሸጥና ብሩ ይካፈላል፣ ወይም ለሚመጣው ዓመት ሳር መግዣ ይሁን።

በዚያው ዕለት ያረጁትን፣ ሁለት ዓመት ያልወለዱትንና ጡታቸው የሞተውን ለይተው ለሽያጭ ያውጡ። ከሽያጩ ብር የተወሰነውን ለባለቤቲቱ በእጇ ይስጧት። ሦስቱም የውል ቅጂዎች ላይ አዲሱ ቁጥር ይጻፍ፣ ቀኑ ይግባ፣ ሽማግሌውም ይፈርሙ።